የጥንቸል ግልገሎችን ጾታ በጊዜ መለየትና እያደጉ ሲሄዱ የሚያሳዩትን ጠባይ ማወቅ

ላም ስትወልድ ወይም ፍየል ስትወልድ «ምን ወለደች?» ተብሎ ቢጠየቅ መልሱ በአንድ እይታ ይታወቃል። በጥንቸል ግን እንዲህ አይደለም። የወንዱ ግልገል ቆለጥ ገና በሆዱ ውስጥ ስለሆነ ከውጭ አይታይም፤ የሁለቱም የመራቢያ አካል ትንሽና በጸጉር የተሸፈነ ስለሆነ ላይ ላዩን ሲመለከቱት አንድ ዓይነት ይመስላል። በዚህ ምክንያት ሻጩ «አንድ ወንድ፣ ሁለት ሴት» ብሎ የሰጥዎት ጥንቸሎች ከሦስት ወር በኋላ ሦስቱም ወንድ ሆነው ሊገኙ ይችላሉ። ከዚህ የከፋው ደግሞ «ሁለቱም ሴት ናቸው» ተብለው በአንድ ቤት የኖሩ ጥንቸሎች ናቸው። አንድ ቀን ጠዋት ሣር ሊሰጧቸው ሲሄዱ የመውለጃ ሳጥን በሌለበት ወለል ላይ ተወልደው ብርድ የገደላቸው ራቁት ግልገሎች ያገኛሉ። እናቲቱም ራሷ ገና ልጅ ናት።

በአካባቢያችን ጉዳዩን የሚያከብደው ሌላም ነገር አለ። ብዙ ቤተሰብ በእምነቱ ምክንያት የጥንቸል ሥጋ አይበላም። ስለዚህ ጥንቸል የሚያረባ ሰው ከሥጋ ይልቅ ለእርባታ የሚሆን ግልገል ለሌላ አርቢ ለመሸጥ ቢያስብ ገዢው የሚከፍለው ለወንድና ለሴት ጥምረት ነው። ጾታውን አሳስቶ የሸጠ አርቢ ገዢውን የአንድ ወቅት እርባታ ያስከስረዋል፤ እሱም ሁለተኛ ገዢ አያገኝም።

ስለዚህ ይህ ጽሑፍ በሁለት ነገሮች ላይ ያተኩራል። አንደኛው ጾታን በእጅና በዓይን እንዴት እንደሚለዩ ነው። ሁለተኛው ጥንቸሎችዎ ከሦስት ወር ዕድሜ ጀምሮ ጠባያቸው ሲለወጥ ያ ለውጥ ምን ማለት እንደሆነና ምን ማድረግ እንዳለብዎ ነው።

በስንት ጊዜያቸው ይታያሉ?

ብዙ ልምድ ያለው ሰው በተወለዱ በቀናት ውስጥ ሊለይ ይችላል። እኛ ግን ይህን አንመክርም። ገና ጸጉር ያላወጣ ግልገል ከጎጆው ወጥቶ በቆየ ቁጥር ይበርደዋል፣ ጥቅሙም ያን ያህል አይደለም። ለጀማሪ የሚመቸው የመጀመሪያው ጊዜ ጡት የሚጥሉበት፣ ማለትም ከ5 እስከ 6 ሳምንት ያለው ዕድሜ ነው፤ ያን ጊዜ ከእናታቸው ለመለየት እያንዳንዱን ግልገል በእጅዎ መያዝዎ አይቀርም። በ8 ሳምንታቸው ይድገሙት። ለሦስተኛ ጊዜ ደግሞ ሦስት ወር ሊሞላቸው ሲል ይመልከቱ። ሦስት ጊዜ ማየት ሥራ የሚያበዛ ይመስላል፤ ነገር ግን ለአንድ ግልገል ከአንድ ደቂቃ በላይ አይፈጅም፣ በመጀመሪያው ቀን የተሳሳተውንም በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ያርሙታል።

አያያዝ

ጥንቸልን በጆሮዋ አንጠልጥለው አያንሱ። የጀርባ አጥንቷ ቀጭን፣ የኋላ እግሯ ግን ኃይለኛ ስለሆነ ሰውነቷ ሳይደገፍ ብትራገጥ ወገቧ ሊሰበር ይችላል። ወገቡ የተሰበረ ጥንቸል ደግሞ አይድንም። አንድ እጅዎን ከደረቷ በታች፣ ሌላውን ከመቀመጫዋ ሥር አድርገው ወደ ሰውነትዎ አስጠግተው ይያዙ። ጥፍሯ ስለሚቧጭር እጅጌው ረጅም የሆነ ልብስ ይልበሱ።

በጠዋት፣ ጥላ ባለበት ነገር ግን ብርሃን በደንብ በሚገባበት ቦታ ዝቅ ያለ በርጩማ ላይ ይቀመጡ። ጭንዎ ላይ አሮጌ ጨርቅ ያንጥፉ። ግልገሉን በጀርባው ያስተኙት፤ ጭንቅላቱ ወደ ሆድዎ፣ መቀመጫው ወደ ጉልበትዎ ይሁን። በግራ እጅዎ ትከሻውንና ደረቱን ያዝ አድርገው ያረጋጉት። በቀኝ እጅዎ ጅራቱን በሌባ ጣትዎና በመሐል ጣትዎ መካከል ይዘው ወደ ኋላ ሳብ ያድርጉ። ከዚያም በዚያው እጅ አውራ ጣት ከመራቢያ አካሉ ፊት ለፊት ያለውን ቆዳ ቀስ ብለው ጫን ያድርጉ። መራቢያ አካሉ ወደ ላይ ብቅ ይላል። ግልገሉ ከተራገጠ አይታገሉት፤ ለቀው፣ አረጋግተው እንደገና ይሞክሩ። ግራ እጅ የሚቀናዎት ከሆነ እጆቹን ያቀያይሩ።

በአካሉ ግራና ቀኝ ባሉት ትንንሽ ጉድጓዶች ውስጥ ጠቆር ያለ፣ የሚሸት ሰም የመሰለ ነገር ቢያዩ በሽታ አይደለም። ከዕጢ የሚወጣ ነው፤ በለብታ ውኃ በራሰ ጨርቅ ጠርገው ምርመራዎን ይቀጥሉ።

ምን ይታያል?

ወንድ ከሆነ ብቅ የሚለው ነገር እንደ ትንሽ ቱቦ ያለ ነው። ጫፉ ክብ ነው፣ ቀዳዳውም መሐሉ ላይ እንደ ነጥብ ይታያል። በዚህ ቀዳዳና በፊንጢጣው መካከል ያለው ቦታ ሰፋ ያለ ነው።

ሴት ከሆነች የሚታየው ክብ ሳይሆን ስንጥቅ ነው። የስንዴ ፍሬ በሆዱ በኩል ሲያዩት መሐሉ በቁመቱ እንደተሰነጠቀ ሁሉ የእሷም እንዲሁ ነው። ስንጥቁ ከላይ ጀምሮ ወደ ፊንጢጣው አጠገብ ይወርዳል፤ በሁለቱ መካከል የሚቀረው ቦታ ጠባብ ነው። ጫን ሲያደርጉት ከፈት ብሎ ወደ ጅራቷ ያዘነብላል።

ጀማሪዎችን የሚያሳስተው በኃይል መጫን ነው። የሴቷንም ቢሆን ጠበቅ አድርገው ከተጫኑት እንደ ወንድ ወደ ላይ ይቆማል። ያን ጊዜ ቁመቱን ሳይሆን በጅራት በኩል ያለውን ጎኑን ይመልከቱ። ስንጥቁ በዚያ በኩል እስከ ታች ከወረደ ሴት ናት። ዙሪያውን በቆዳ ተከቦ ቀዳዳው ጫፉ ላይ ብቻ ከሆነ ወንድ ነው።

ሌላው ዘዴ ማነጻጸር ነው፤ በእኛ አስተያየት ከሁሉም የሚበልጠው ይህ ነው። አንድ ግልገል ብቻውን ይዘው ሲያዩት «ይሄ ክብ ነው ወይስ ስንጥቅ?» እያሉ ይጠራጠራሉ። የአንድ እናት ልጆችን ግን ተራ በተራ እየያዙ ሲያዩ፣ ሦስተኛው ወይም አራተኛው ላይ ሲደርሱ ልዩነቱ ራሱ ዓይንዎ ውስጥ ይገባል። በመጀመሪያ ያዩዋቸውን ሁለቱን መልሰው ያረጋግጡ። ያልለየልዎትን ግልገል በግምት ወንድ ወይም ሴት አይበሉት። ምልክት አድርገውበት ከሳምንት በኋላ ይዩት፣ እስከዚያው አይሽጡት።

ሦስት ወር ሊሞላው ሲል የወንዱ ቆለጥ ወደ ውጭ ይወርዳል። እዚህ ላይ ከበግና ከበሬ የሚለይበትን ነገር ይወቁ፤ የጥንቸል ቆለጥ ከብልቱ ኋላ ሳይሆን ከፊቱ፣ በግራና በቀኝ ተጋድሞ ነው የሚገኘው። ሁለት ረዘም ያሉ፣ ጸጉር የሳሳባቸው ከረጢቶች ሆነው ይታያሉ። ጥንቸል ሲበርደው ወይም ሲደነግጥ ቆለጡን መልሶ ወደ ሆዱ ሊስበው ይችላል። ስለዚህ በብርድ ጠዋት ቆለጥ ስላላዩ ብቻ «ሴት ናት» አይበሉ፤ ቀኑ ሞቅ ሲል ደግመው ይመልከቱ። አንዱ ቆለጥ ብቻ ወርዶ ሌላው በአምስት ወርም ካልወረደ ያ ወንድ ለአውራነት አይሁን።

በመልክ መለየት ይቻላል የሚሉ አሉ። እውነት ነው፣ የጎለመሰ ወንድ ጭንቅላቱ ሰፋ ይላል፣ የጎለመሰች ሴት ከአገጯ ሥር የተንጠለጠለ ቆዳ ታወጣለች። ነገር ግን ይህ የሚታየው ካደጉ በኋላ ነው፤ በዚያ ጊዜ ደግሞ መለየቱ ዘግይቷል። ለግልገል አያገለግልም።

የለዩትን ወዲያው ምልክት ያድርጉበት። በጆሮው ውስጠኛ ክፍል በማርከር ቁጥር መጻፍ ይበቃል፤ ቀለሙ ስለሚለቅ በየሳምንቱ ያድሱት። በደብተርዎ ላይ ቁጥሩን፣ የተወለደበትን ቀን፣ እናቱንና አባቱን፣ በእያንዳንዱ ምርመራ ያዩትን ጾታ ይጻፉ።

ቀኑን በምሳሌ እንቁጠር

እንበልና እናት ጥንቸልዎ ጥቅምት 1 ቀን ወለደች። ግልገሎቹ ራቁታቸውን፣ ዓይናቸው ተጨፍኖ ይወለዳሉ። ጥቅምት 11 እና 12 አካባቢ ዓይናቸው ይከፈታል። ጥቅምት 20 ገደማ ከሳጥኑ መውጣትና ሣር መቅመስ ይጀምራሉ። ኅዳር 6 እና ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት ጡት አስጥለው የመጀመሪያውን የጾታ ምርመራ ያደርጋሉ። ኅዳር 27 ላይ 8 ሳምንት ይሞላቸዋል፣ ሁለተኛውን ያደርጋሉ። ሦስተኛውን ምርመራ ታኅሣሥ 25 አካባቢ አድርገው ወንዶቹን ከሴቶቹ ይለያሉ። ጥር 1 ቀን ሦስት ወር ሲሞላቸው አንድም ወንድ ከእህቶቹ ወይም ከእናቱ ጋር መገኘት የለበትም።

ባይለዩዋቸውስ? አንዳንድ ሴት ጥንቸል አራት ወር ሳይሞላት እንኳ ልትጸንስ ትችላለች። የእርግዝናው ጊዜ 31 ቀን ያህል ነው። የካቲት 1 በወንድሟ የተጠቃች ሴት መጋቢት 2 አካባቢ፣ በአምስት ወሯ ትወልዳለች ማለት ነው። ሰውነቷ ገና እያደገ ስለሆነ ምጡ ይከብዳታል፣ ወተቷም አይበቃም፤ ጎጆ መሥራት ሳታውቅ ግልገሎቿን በየቦታው ትጥላለች። የሚተርፉትም የወንድምና የእህት ልጆች ናቸው። እንዲህ ያለ የቅርብ ዝምድና ርቢ ሲደጋገም ግልገሎቹ ደካማ እየሆኑ፣ ቁጥራቸውም እያነሰ ይሄዳል።

ጠባያቸው ሲለወጥ

እስከ ጡት መጣል ድረስ ግልገሎች ተቃቅፈው ይተኛሉ። እናታቸው በቀን አንድ ጊዜ፣ አልፎ አልፎም ሁለት ጊዜ፣ ለጥቂት ደቂቃዎች ብቻ ገብታ አጥብታቸው ትወጣለች። ይህን ያላወቀ አርቢ «ልጆቿን ጠላች» ብሎ በግድ ከሳጥኑ ውስጥ ሊያስገባት ይሞክራል። አያስፈልግም። የግልገሎቹ ሆድ ሞላ ብሎ ከታየ፣ ቆዳቸውም ካልተጨማደደ ጠግበዋል። ጡት ከጣሉ በኋላም ለተወሰኑ ሳምንታት ወንድም ሴትም አብረው በሰላም ይበላሉ፣ ይዘላሉ፣ ይሯሯጣሉ። ይህ ሰላም ነው ብዙ ሰው የሚያዘናጋው።

ከሦስት ወር ገደማ ጀምሮ ነገሩ ይለወጣል። ወንዱ አገጩን በቤቱ ማዕዘን፣ በመመገቢያው ጠርዝ፣ በጓደኞቹ ጀርባ ላይ ያሻሻል። ከአገጩ ሥር ባለው ዕጢ ሽታውን እየቀባ «ይህ የኔ ነው» ማለቱ ነው። ሽንቱን ወደ ጎን ይረጫል፤ የሽንቱም ሽታ ይከብዳል። ዝቅ ያለ ድምፅ እያሰማ ሌላዋን ጥንቸል ይዞራታል፣ ይጋልባታል።

መጋለብን በተመለከተ ልብ ይበሉ። አንዱ ጥንቸል ሌላውን ስለጋለበ ብቻ ወንድ ነው አይባልም። ሴቶችም እርስ በርሳቸው ይጋለባሉ፤ የበላይ ማን እንደሆነ የሚለዩበት መንገድ ነው። በዚህ ብቻ ተነሥቶ ጾታ የሚናገር ሻጭ ካጋጠመዎት ጥንቸሉን ገልብጦ እንዲያሳይዎት ይጠይቁት።

በአንድ ቤት ያሉ ወንዶች ከዚህ ዕድሜ በኋላ ይጣላሉ። ጥሉ ከዶሮ መጣላት ጋር የሚመሳሰል አይደለም፤ ጥንቸል ሲጣላ የባላጋራውን ቆለጥ ነው የሚነክሰው። ምርጥ ብለው ያስቀመጡት አውራ በአንድ ሌሊት ጥል ለዘላለም መካን ሊሆን ይችላል። ጸጉር ተነቅሎ ወለሉ ላይ ካዩ፣ ጆሮ ላይ ጭረት ካገኙ፣ አንዱ ጥግ ይዞ ወደ መኖው አልቀርብ ካለ፣ ነገ ሳይሉ በዚያው ቀን ይለዩዋቸው። ለእርባታ የማይፈለጉትን ወንዶች ከዚህ ዕድሜ በፊት መሸጥ ቤትም መኖም ያተርፋል።

ሴቷም ትለወጣለች። እጅዎን ወደ ቤቷ ሲያስገቡ ታጉረመርማለች፣ በፊት እግሮቿ ትመታለች፣ ጥግ ጥጉን ትቆፍራለች። ክፉ ሆና አይደለም፤ ለመውለጃ የሚሆን ቦታዋን መጠበቅ ጀምራለች። በግንባሯ በኩል ከመግባት ይልቅ ከጎን ቀርበው በመጀመሪያ ጀርባዋን ቢነኩ ትረጋጋለች።

እንደ ላም ቀን እየቆጠረ የሚመጣ ድራት ጥንቸል የላትም። እንቁላሏ የሚለቀቀው ከተጠቃች በኋላ፣ 10 ሰዓት ያህል ቆይቶ ነው። ፈቃደኛ መሆኗን ለማወቅ የመራቢያ አካሏን ቀለም ይመልከቱ፤ ቀላ ወይም ወደ ሐምራዊ ያለና ያበጠ ከሆነ ወንድ ትቀበላለች፣ ነጣ ያለ ከሆነ ጥቂት ቀን ይቆዩ። ቀይ ሽንት ግን የድራት ምልክት አይደለም። ጥንቸል ከምትበላው ቅጠል የተነሣ ሽንቷ ብርቱካንማ ወይም ቀይ ሊሆን ይችላል፤ ወንዱም እንዲሁ ይሸናል። ቀለሙ እንደ ነጠብጣብ ደም ተለይቶ ከታየ ግን ለቀበሌዎ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ያሳዩ።

እንቁላሏ በመጠቃት የሚለቀቅ መሆኑ አንድ የሚያደናግር ነገር ያመጣል። ሴት በሴት ስትጋለብ፣ ወይም ወንዱ ተገናኝቷት ሳይይዝላት ሲቀር፣ ሰውነቷ ያረገዘ መስሎት ሊታለል ይችላል። ከ16 እስከ 18 ቀን ሲሆናት የሆዷን ጸጉር ትነጫለች፣ ሣር በአፏ ይዛ ጎጆ ትሠራለች፣ ነገር ግን ምንም አትወልድም። አርቢው «ልጆቿን በላች» ወይም «አስወረዳት» ይላል። ለይቶ ማወቂያው ደብተርዎ ነው። ጎጆ የሠራችው በተጠቃች በ17ኛው ቀን ከሆነ የሐሰት እርግዝና ነው፤ በ29ኛውና በ31ኛው ቀን መካከል ከሆነ እውነተኛ ነው፣ የመውለጃ ሳጥኑም ከ28ኛው ቀን ጀምሮ ቤቷ ውስጥ መቀመጥ ነበረበት። የሐሰት እርግዝናው ሲያልፍ ብዙ ጊዜ ወንድ ለመቀበል ፈቃደኛ ስለምትሆን መልሰው ይሞክሩ። ለእርባታ የመረጧቸውን ሴቶች ከአራት ወር ጀምሮ ለየብቻ ማኖር ይህን ችግር ይቀንሳል።

መካከለኛ ሰውነት ያላቸው ዝርያዎች፣ ለምሳሌ ኒውዚላንድ ነጭና ካሊፎርኒያ፣ ሴቶቹ ከ5 እስከ 6 ወር፣ ወንዶቹ ከ6 እስከ 7 ወር ሲሆናቸው ለስሪያ ይደርሳሉ። ትላልቆቹ ዝርያዎች ከዚህም ይዘገያሉ። ከዕድሜው ጋር ክብደቷንም ይዩ፤ ዝርያዋ ሲጎለምስ ከሚደርስበት ክብደት ከአራት እጅ ሦስቱን ሳትሞላ አይስጧት። በጥቅምት የተወለደችው የምሳሌያችን ጥንቸል እንግዲህ ሚያዝያ 1 ቀን ስድስት ወር ይሞላታል፣ ያን ጊዜ ብትጠቃ ግንቦት 2 አካባቢ ትወልዳለች።

ሁልጊዜ ሴቷን ወደ ወንዱ ቤት ይውሰዱ እንጂ ወንዱን ወደ ሴቷ ቤት አያምጡ። በቤቷ ከሆነች ለቦታዋ ስትል ልትነክሰው ትችላለች፤ እሱም በአዲሱ ቤት ሽታውን ሲቀባ ጊዜ ያጠፋል። ፈቃደኛ ከሆነች በጥቂት ደቂቃ ያልቃል። ወንዱ አጉረምርሞ ወደ ጎኑ ከወደቀ ተሳክቷል፤ የወደቀው ታሞ አይደለም። አጠገባቸው ቆመው ይጠብቁ፣ ሲያበቁ ሴቷን ወደ ቤቷ ይመልሱ። እንቢ ካለች በግድ አይተዋት፣ በሚቀጥለው ቀን ይሞክሩ። ለጀማሪ አውራ በሳምንት ሁለት ጊዜ ይበቃዋል።

ቆላ ላይ የሚኖሩ ከሆነ አንድ ነገር እንጨምር። የቤቱ ሙቀት ለቀናት ከ30 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ ከቆየ ወንዱ ለጊዜው ሊመክን ይችላል። መጋለቡን አይተውም፣ ሴቶቹ ግን አይጸንሱም። ሙቀቱ ካለፈ በኋላም ለማገገም ሁለት ወር ገደማ ሊፈጅበት ይችላል። ወንዱን «አይረባም» ብለው ከመሸጥዎ በፊት ቤቱን ጥላ ያድርጉለት፣ ውኃ አያጓድሉበት፣ ሴቶቹንም በጠዋት ወይም በማታ ይውሰዱለት።

ከጉልምስና ጋር የማይገናኙ፣ ግን ዘወትር የምንጠየቅባቸው ጠባዮችም አሉ። በኋላ እግር ወለሉን መምታት የአደጋ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ውሻ፣ ድመት ወይም እባብ መቅረቡን ያጣሩ። ለስላሳውን ፋንድያ ከፊንጢጣዋ በአፏ ተቀብላ መብላቷ ተፈጥሯዋ ነው፣ አይከልክሏት። ጥርስን ጮክ አድርጎ እያፋጩ ተኮራምቶ መቀመጥ ግን ሕመም ነው። ትናንት ስትቆፍርና ስታጉረመርም የነበረች ጥንቸል ዛሬ ድንገት ጭምት ከሆነችና መኖ ካልነካች አደገች አይበሉ፣ ታማለች።

ወንድና ሴቱን ለይተው ከጨረሱ በኋላ ለሴቶቹ አውራ ያስፈልጋቸዋል፤ ከወንድሞቻቸው መካከል ግን አይምረጡ። ለአሥር ሴቶች አንድ አውራ ስለሚበቃ፣ ጥሩ ወንድ ያለው የሌላ ቀበሌ አርቢ ካለ ከእሱ ጋር ወንድ ለወንድ መለዋወጥ ገንዘብ ሳያወጡ ደም ለመቀየር ይረዳል። ሲለዋወጡ የሚቀበሉትን ወንድ ገልብጠው ሁለቱም ቆለጦች መውረዳቸውን፣ የንክሻ ጠባሳ አለመኖሩን ይመልከቱ፤ ጆሮው ውስጥ ቅርፊት የመሰለ እከክ ካለ አይቀበሉት። ቤትዎ ሲደርስ ለሁለት ሳምንት ከሌሎቹ ርቆ ለብቻው ይቀመጥ፤ በእነዚህ ቀናትም በመጀመሪያ ነባሮቹን፣ በመጨረሻ እሱን ይመግቡ።